መተንፈሻው እምቢ አለ

ጋሽ እሸቴ ማረፋቸውን የሰማሁት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ፣ ለሱቄ የገዛኋቸው የቺፕስ ካርቶኖች ላይ ተቀምጬ ወደ ከተማችን ወደ ቀየት የሚሄድ መኪና ስጠብቅ ነው። የደወለልኝ ወንድሜ ነበር። «የሺ፣ ቁጭ ብለሻል?» አለኝ። በዚህ የሚጀምር ወሬ ደግ ሆኖ አያውቅም። «ጎረቤትሽ አረፉ። ክፍላቸው ሳይከፈት ቢያረፍድ ሰዎች በሩን ገፍተው ገቡ፤ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያገኟቸው።»

አላለቀስኩም። እንባዬ እንደ እኔው ግትር ነው፣ በተፈለገ ሰዓት አይመጣም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሌላ ሰው ቢሰማው ያስቀዋል። በመጨረሻዋ ሰዓት አየሩን ስበው ነው ወይስ ተንፍሰው ነው የሄዱት? ብዬ አሰብኩ። ተንፍሰው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ሁሉ «ተንፍስ» ሲሉ ኖረው፣ እሳቸው ራሳቸው ይረሱታል ብዬ አላምንም።

ጋሽ እሸቴ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። ይህን ቀየት ላይ ሆኖ መናገር እንኳ ቀልድ ይመስላል። የእኛ አገር ደጋ ነው፤ ገብስ፣ በግና ብርድ እንጂ ባሕር የለንም። እሳቸው ግን በወጣትነታቸው ምጽዋ ወርደው፣ የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው፣ ውሃ ውስጥ የመርከብ ሆድ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጦሩ ሲበተን አንድ ጆንያ ይዘው ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ፤ ከእኔ ሱቅ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥም ቡታጋዝና የፀረ አረም መርጫ መጠገን ጀመሩ። አላገቡም። ቁመታቸው ረጅም፣ ደረታቸው ሰፊ ነበር፤ ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ከዚያ ደረት የወጣ አይመስልም፣ ቀስ ያለ ነው።

አመል ነበራቸው። ሰው አውራ ጣቱን ቀስሮ «ጥሩ ነው» ሲላቸው «ወዴት ልውጣ?» ብለው ይመልሳሉ። በጠላቂዎች ዘንድ አውራ ጣትን ወደ ላይ መቀሰር «እንውጣ» ማለት ነውና። ደህና ነው ለማለት አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ገጥመው ቀለበት ይሠራሉ። መርጫ ሊያስጠግን የመጣ ገበሬ «ይደርስልኛል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ያችን ቀለበት ያሳዩታል፤ ሰውየውም ቀለበት አምጣ የተባለ መስሎት ግራ ይጋባል። እኔ ደግሞ «ጋሽ እሸቴ፣ እንዲህ በጣት ከሚያሳዩ ሽማግሌ ልከው አንዷን ያግቡ» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። «ማን ይሰጠኛል? ሳንባዬ እንደሆነ ግማሹ እዚያው ባሕር ቀርቷል» ይላሉ። ሰው ሲሰናበታቸው «ደህና ዋል» አይሉም፤ «ተንፍስ» ነው የሚሉት። ከተማው በዚህ ይስቅባቸዋል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ከባሕር ይዘውት የመጡትን ዕቃ ያሳዩኝ በቺፕስ ምክንያት ነው። ከቆላ አገር ፋብሪካ የሚመጣ ቺፕስ እኛ ጋ ሲደርስ ላስቲኩ ተነፍቶ ፊኛ ይሆናል። ደንበኞቼ «ይኼማ አብጧል፣ ተበላሽቷል» እያሉ እየመለሱልኝ ተቸገርኩ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ በመርፌ እየበሳሁ ማስተንፈስ ጀመርኩ። እርግጥ በሦስተኛው ቀን ቺፕሱ እርጥብ ጨርቅ ሆነ። ጋሽ እሸቴ በመርፌ ስወጋ አይተውኝ እንዲያ ሲስቁ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋቸውም።

«ምን አደረገሽ?» አሉኝ።

«አብጧል።»

«አላበጠም። ታች ሲታሸግ የገባው አየር ነው እስካሁን ውስጡ ያለው። እዚህ የውጭው አየር ስስ ነው፤ ከላይ የሚጫነው ሲያንስበት ይዘረጋል። ሽቅብ የወጣ አየር ሁሉ ይዘረጋል፣ የሺ።» ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። «ባሕር ውስጥ ደግሞ ይብሳል» አሉ።

ከጆንያው ያወጡት ነገር በጥቁር ቱቦ የተያያዙ ሁለት የብረት ዕቃዎች ናቸው። አንዱ ቡጢ የሚያህል ነው፤ ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚታሰረው እሱ ነው። ሌላው የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ሆኖ በጥርስ የሚነከስ የላስቲክ አፍ አለው። የከተማው ሰው «የባሕር ብረት» ይለዋል። እሳቸው «መተንፈሻው» ነው የሚሉት፣ የቤት ሰው የሚጠሩ ያህል።

«ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ታጭቆ የተሞላ ነው» አሉኝ። «እንዳለ ቢለቀቅብሽ ይገድልሻል። ስለዚህ ሁለት በር አለው። በግ ከበረት ስታወጪ ሁሉም በአንዴ ይገፋል አይደል? መጀመሪያ ወደ ትንሿ አጥር ጥቂት ጥቂቱን ታወጪያለሽ፣ ከዚያ አንድ አንድ እያልሽ ታሳልፊያለሽ። ይኼ ቡጢው የመጀመሪያው በር ነው፣ ግፊቱን ያበርደዋል። ሁለተኛው በር እዚህ አፍሽ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳትጠይቂው አይከፈትም።»

ክቡን በካቻቢቴ ፈትተው ከፈቱልኝ። ውስጡ ስስ ላስቲክ ተወጥሮበታል፤ ከላስቲኩ ሥር ትንሽ ዘንግ አለ። «ከላስቲኩ ውጭ ውሃ ነው፤ ከላስቲኩ ውስጥ ትንፋሽሽ ነው። ስትስቢ ውስጡ ይጎድላል፤ ውሃው ላስቲኩን ይገፋዋል፣ ላስቲኩ ዘንጉን ይጫናል፣ በሩ ይከፈታል። መሳብ ስታቆሚ ይዘጋል። የተነፈስሽው በዚህ በጎን አረፋ ሆኖ ይወጣል። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ውሃው ይበልጥ ስለሚጫን፣ እሱም በዚያው ልክ ጠንከር ያለ አየር ይሰጥሻል። ውሃው የቱንም ያህል ቢከብድ አንቺ አትታፈኚም።»

ሁለቴ ሦስቴ አስደግሜያቸው ገባኝ። ስላስቸገርኳቸው ደስ አላቸው እንጂ አልከፋቸውም፤ የሚጠይቃቸው ሰው ሳያገኙ ብዙ ዓመት ኖረው ነበር።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያጸዱታል። ሲጨርሱ ሁልጊዜ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። ሲሊንደር ስለሌለ የቡጢው ቀዳዳ ክፍት ነው፤ በላስቲኩ አፍ ሲስቡ ይኸው የአገራችን አየር በዚያ ገብቶ ይመጣላቸዋል። ከዚያ ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ይደፍኑና ደግመው ይስባሉ። አሁን ምንም አይመጣም። «ሲደፈን ጭጭ ካለ የትም ቦታ አያፈስም ማለት ነው» ይላሉ። ለእኔም አስሞክረውኛል። አፍ ሙሉ ስቦ ምንም ነገር ሲታጣ ልብ እንዴት እንደሚደነግጥ ያኔ ነው ያወቅኩት።

ስለዚያ ብረት ቀየት ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነበር። ጋሽ እሸቴ ወደ ምጽዋ የወረዱት ከአብሮ አደጋቸው ከደምሴ ጋር ነው። ደምሴ አልተመለሰም፤ እዚያው ምጽዋ ተቀበረ። ውሃ ውስጥ ሳለ ብረቱ አየር ከልክሎት ሞተ ይባላል። ብረቱን ያን ቀን ያዘጋጀው ደግሞ እሸቴ ነው ይባላል። ወሬውን ያመጣው ጠላት አይደለም፤ ለደምሴ እናት ለእማማ አስካለ እንዲያ ብለው የነገሩት ራሳቸው ጋሽ እሸቴ ናቸው።

እማማ አስካለ ዳገት ያሳደጋቸው ሴት ናቸው። ቤታቸው ከከተማው በላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነው። በጉብዝናቸው ጊዜ ከቆላው እርሻ ማሽላ ተሸክመው ገደሉን ሲወጡ ወንዱን ሁሉ ከኋላ ያስከትሉ ነበር ይባላል። ዘዴውን ከማንም አይደብቁም፦ ሽቅብ ስትወጣ አትናገር፣ አፍህን ግጠም፣ ትንፋሽህን ቋጥር። ዳገት ላይ ትንፋሹን የሚያባክን ሰው ካዩ ቄስም ቢሆን ይቆጡታል። እኔንም በልጅነቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከኋላ በዱላቸው ነካ አድርገው «የሺ፣ ቋጥሪ» ይሉኝ ነበር። እኛ አገር ትንፋሽ እንደ ስንቅ ነው፤ ዳገቱ ሳያልቅ አይፈታም።

ጋሽ እሸቴን ግን አያነጋግሯቸውም። አልረገሟቸውም፣ አልከሰሷቸውም። በየዓመቱ በታቦቱ ክብረ በዓል ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጋሽ እሸቴ ሄደው እግራቸው ሥር ይደፋሉ። እማማ አስካለ እግራቸውን ይሰበስባሉ። ያ ብቻ ነው። ጋሽ እሸቴ ተነሥተው አቧራቸውን አራግፈው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ሽማግሌዎች ገብተው ይቅር እንዲሏቸው ቢለምኗቸው፣ «ልጄን ትንፋሽ የከለከለውን ብረት እቤቱ አስቀምጦ ሲወለውል እየሰማሁ?» አሉ። እውነት ነው፣ ለሰሚ ይከብዳል። ለምን እንደማይጥሉት እኔም አይገባኝም ነበር።

የገባኝ አንድ ክረምት ነው። ዝናብ ገበያውን በትኖት ሥራ ፈትተን እሳቸው ክፍል ውስጥ ተቀምጠናል። መተንፈሻው ተፈቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። በሩን የምትይዘውን ትንሽ ሞላ አንሥቼ «ጋሽ እሸቴ፣ ይቺ ብትሰበርስ?» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ጥሩ ጠየቅሽ። አየሩ ራሱ በሩን ሊከፍት ነው የሚገፋው፤ ይዛ የምትዘጋው ሞላዋ ናት። ሞላዋ ብትሰበር በሩ ይከፈታል። የመጀመሪያው በር ቢበላሽም ያው ነው፤ ግፊቱ መጥቶ ሁለተኛውን ይከፍተዋል። የሠሩት ሰዎች አስበውበታል። ሲበላሽ አብዝቶ ይሰጣል እንጂ አይከለክልም።»

ምን እንደተናገሩ የገባቸው ከእኔ እኩል ይመስለኛል።

«ታዲያ ደምሴን እንዴት ከለከለው?» አልኩ።

ሞላዋን ከእጄ ወስደው ቦታዋ አስገቧት።

«አልከለከለውም» አሉ።

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። «ሥራችንን ጨርሰን ሽቅብ ጀመርን። ጠላቂ የሚማረው የመጀመሪያው ትምህርት ይኼ ነው፦ ስትወጣ ተንፍስ፣ ትንፋሽ አትያዝ። ቺፕስሽን አይተሽዋል፤ ታች የሳብሽው አየር ስትወጪ ደረትሽ ውስጥ ይዘረጋል። መውጫ ካጣ ሳንባ ይቀድዳል። ደምሴ ይኼን ከእኔ እኩል ያውቃል። ያን ቀን ግን አንድ ነገር አስደነገጠው፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የደነገጠ ሰው ወታደር ቤት የተማረውን ይረሳል፤ እናቱ ያስተማረችው ነው የሚመጣለት። እኔ ከበታቹ ነበርኩ። ቀና ብዬ አረፋውን ፈለግኩ። አረፋ የለም፣ የሺ። መተንፈሻውን ጥርሱ ውስጥ ነክሶ፣ እንደ ማሽላ ተሸካሚ አንገቱን ደፍቶ ሽቅብ ይሄዳል። ‹ተንፍስ› ብዬ ጮኽኩ። ውሃ ውስጥ ማን ይሰማል።»

ለምን እውነቱን ለእናቱ እንዳልነገሯቸው ጠየቅኩ።

«ልነግራቸው ነው የሄድኩት። መርዶው ቀድሞኝ ደርሶ ጥቁር ለብሰዋል። ገና አፌን ሳልከፍት ‹ትንፋሽህን ቋጥር ብዬ መክሬ ነበር የሸኘሁት፤ አልቋጠረም ይሆን?› አሉኝ። ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ምን ልበል? ‹መተንፈሻው እምቢ አለ› አልኳቸው። ‹ማን አዘጋጀው?› አሉ። ‹እኔ› አልኩ።»

ያን ቀን እንባዬ ሳልጠራው መጣ። እንዲህ ያለ ነገር ለምን ይሸከማሉ ብዬ ተቆጣኋቸው፤ ስናደድ ትልቅ ሰው አላውቅም። እሳቸው አልተቆጡኝም። «እኔን ቢጠሉ ቤታቸው ገብተው መተኛት ይችላሉ» አሉ። «ራሳቸውን ከጠሉ ግን ወዴት ይገባሉ? እሳቸው በሕይወት እያሉ ከአፍሽ እንዳይወጣ።» ጨርቁን አንሥተው ብረቱን መወልወል ጀመሩ። «ይኼም ምስኪን ያለ ጥፋቱ ስሙ ጠፋ። ቢያንስ ላጽዳው» አሉ።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ደረታቸው ደከመ። ከእኔ ሱቅ እስከ እሳቸው በር ለመሄድ መሐል ላይ ግድግዳ ይደገፋሉ። ጤና ጣቢያ ያዩዋቸው ሰዎች ይህ ብርድና ስስ አየር እንደማይስማማቸው፣ ቆላ ቢወርዱ እንደሚሻላቸው ነገሯቸው። ከእኛ ዝቅ ያለው ዓለም ከተማ ያሉት ዘመዶቻቸውም ኑ ብለው ላኩባቸው። እኔም ልብሳቸውን እስከ መሸከፍ ደርሼ ነበር። «በዓሉ ይለፍ» አሉኝ። «ምናልባት ዘንድሮ እግራቸውን ባይሰበስቡስ።»

በበዓሉ ቀን ክንዳቸውን ይዤ ጉብታውን አወጣኋቸው። በየጥቂቱ እየቆሙ፣ ወደ ውጭ እየተነፈሱ ወጡ። እማማ አስካለ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። ጋሽ እሸቴ መደፋት ስላቃታቸው ተንበረከኩ። እማማ አስካለ እግራቸውን ሰበሰቡ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጋሽ እሸቴ እንደተንበረከኩ ሳሉ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። ይዣቸው ወረድኩ። ልብሳቸውን መልሼ ሰቀልኩት፤ ወደ ቆላም አልሄዱም።

እንግዲህ ሞቱ። እኔ ከደብረ ብርሃን የደረስኩት ለቀብሩ ነው። ቀባሪው ብዙ ነበር፤ እማማ አስካለ ግን አልመጡም።

በሣልስቱ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሰው እያስተናገድኩ ሳለ ወሬው ሁሉ በአንዴ ቆመ። ዞር ስል እማማ አስካለ በዱላ ተደግፈው ቆመዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሰዉን በድምፁ ነው የሚለዩት። ቦታ ተለቀቀላቸው። ተቀምጠው እግራቸውን ከቀሚሳቸው ሥር ሰበሰቡና «የሺ አለች?» አሉ።

«አለሁ፣ እማማ።»

«ያ ብረት የት አለ?»

ክፍላቸው ገብቼ አመጣሁት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ክቡን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ቱቦውን ዳሰሱት። እንዲያ ተወልውሎ መለስለሱ ያናደዳቸው መስሎኝ ነበር፤ ግን እንደ ሕፃን ፊት ነው ቀስ ብለው የዳበሱት።

«ልጄ እንዴት ነበር የሚስበው?»

«በዚህ ነው። በጥርስ ተይዞ ይሳባል።»

የላስቲኩን አፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። ቡጢው እኔ ጭን ላይ ነው፣ ቀዳዳው ወደ ላይ ክፍት ሆኖ። ዝም ብዬ ብተወው አየሩ ይመጣላቸዋል። አየር የሚሰጥ ብረት ልጃቸውን እንዴት እንደከለከለው ይጠይቁኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። የጋሽ እሸቴ ስም እዚሁ ድንኳን ውስጥ፣ አገር ሁሉ እየሰማ ይጸዳል። ይህን ፈልጌ ነበር። አሁንም እላችኋለሁ፣ ከልቤ ፈልጌ ነበር።

ቀዳዳው ላይ አውራ ጣቴን አደረግኩና ጫን አልኩት።

እማማ አስካለ ሳቡ። ጉንጫቸው ገባ። ምንም አልመጣም። ደግመው በኃይል ሳቡ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ እጃቸው ክንዴን ያዘኝ። ከዚያ ከአፋቸው አውጥተው ብዙ ጊዜ ሲያለከልኩ ቆዩ።

«እውነትም እምቢ ይላል» አሉ።

ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ብቻዬን ስሆን ያ ምክሬ ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር» አሉኝ። «እሸቴ ሊያጽናናኝ የዋሸኝ ይመስለኝና፣ ፊቱን ማየት አቃተኝ። ለካስ አልዋሸኝም።»

አውራ ጣቴን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩ። የቀዳዳው ክብ ታትሞበት ነበር።

«እግዜር ነፍሱን ይማረው» አሉ፣ አሁን ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። «እኔም ይቅር ብዬዋለሁ።» ከዚያ ቀስ ብለው፣ የሰበሰቡትን እግራቸውን ከቀሚሳቸው ሥር አውጥተው ፊት ለፊታቸው ዘረጉ። የሚደፋበት ሰው ግን አልነበረም።

ወደ ማታ ላይ ወደ ቤታቸው እኔ ሸኘኋቸው። ክንዴን ይዘው ጉብታውን ስንጀምር፣ ባለፈው በዓል በዚሁ መንገድ ያወጣኋቸው ሌላው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ደብረ ብርሃን ላይ እምቢ ያለኝ እንባ እዚያ መጣ። ሳልፈልግ ድምፅ አውጥቼ ማልቀስ ጀመርኩ።

እማማ አስካለ በዱላቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ። «ዳገት ላይ አይለቀስም፣ የሺ» አሉኝ። «አፍሽን ግጠሚና ትንፋሽሽን ቋጥሪ።»

ቋጠርኩ።